መታጠፊያው

ጫኝና አውራጆቹ በመጀመሪያ «ቡፌ ነው» አሉ። አንደኛው ግን በተጠቀለለበት ብርድ ልብስ ቀዳዳ አጮልቆ አየና ወደ ጓደኞቹ ዞሮ «ኧረ ቡፌስ አይደለም፣ ጥርስ አለው!» አለ። ወዲያው ዋጋው እጥፍ ሆነ። ለካ ጥርስ ያለው ዕቃ ታሪፉ ሌላ ነው!

ነገሩ የሆነው ጎንደር ውስጥ፣ በ2001 ዓ.ም ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው። ከተማዋ እንግዶቿን ሸኝታ ገና እፎይ ስትል እኔ አንድ አሮጌ ፒያኖ አይሱዙ ላይ አስጭኜ ከች አልኩ። «ፒያኖና ጎንደርን ምን አገናኛቸው?» ትሉኝ ይሆናል። ታገሡኝ። የሚያገናኛቸው ነገር እንዳለ እኔም ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ከሄደች ያኔ ዘጠኝ ዓመት ሆኗት ነበር። ስትሄድ የአራት ዓመት ሴት ልጇን ለአክስቴ ትታ ነው። «ወረቀቴ በዚህ ዓመት ያልቃል» እያለች ዘጠኝ ዓመት ነጎደ። ልጅቷ አሥራ ሦስት ሞላት። እናት በመምጣት ፈንታ ዕቃ ይመጣል፤ ጫማ፣ ቦርሳ፣ ቸኮሌት፣ ስልክ። አንድ ቀን ደወለችልኝና «ልጄ ሙዚቃ ትወዳለች አሉኝ። ከጓደኛዋ ኪቦርድ እየተዋሰች ነው አሉ። እውነተኛ ፒያኖ ፈልግላት» አለችኝ።

«ኪቦርዱን ብንገዛላትስ? በብብት ይያዛል» አልኳት።

«አይ፣ ትልቁን ነው የምፈልገው።»

ያን ጊዜ ነገሩ አልገባኝም። ሰው የቆየበትን ዓመት በኪሎ ሊከፍል ሲነሳ ቀላል ዕቃ አይበቃውም።

አዲስ አበባ ውስጥ ወደ አገራቸው የሚመለሱ የውጭ ዜጎች የሚሸጡት ባለ ቁም ፒያኖ አገኘሁ፤ በ18 ሺህ ብር። እንዲህ ዓይነቱ ፒያኖ ከግድግዳ ተጠግቶ የሚቆም ነው። ሲያዩት እንጨት ይመስላል፤ ክብደቱ ግን ከእንጨቱ አይደለም። ሆዱ ውስጥ አንድ ወጥ የብረት ፍሬም አለ። ከ200 በላይ ክሮች እዚያ ብረት ላይ ተወጥረዋል፤ ውጥረታቸው ቢደመር ከ15 ቶን በላይ ነው። ብረቱ ባይኖር ክሮቹ እንጨቱን ሰባብረው ይጥሉት ነበር። እንግዲህ የኛው ከሁለት ኩንታል ተኩል አያንስም፤ ያውም ጤፍ ቢሆን በስልቻ ይከፋፈላል፣ ይሄ አይከፋፈልም።

እኔም ብልጥ ነኝና ሜትር ይዤ ለካሁት። ርዝመቱ 150 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 120፣ ወርዱ 60። ከዚያ ወደ ጎንደር ደወልኩና ልጅቷን «የቤቱን በር ለኪልኝ» አልኳት። ለካችው። 85 ሳንቲ ሜትር። «አለቀ፣ ይገባል!» አልኩ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ አባቶቻችን። እኔ በሩን ብቻ ነው የተማርኩት፤ ደረጃውን አልጠየቅኩም።

አይሱዙው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ዓባይ በረሃን ወርዶና ወጥቶ በሁለተኛው ቀን ጎንደር ገባ። የአክስቴ ቤት ጣሊያን ከሠራቸው ቤቶች አንዱ ነው፤ እሷ ከላይ፣ ጎረቤቶቿ ከታች። መኪና በሩ ድረስ አይገባም። ከአስፋልቱ ወርዶ ጠባብ ቅያስ አለ። ድንጋዩ ያዳልጣል፣ ቁልቁል ነው። ፒያኖው እግሩ ላይ ያሉት ትናንሽ ጎማዎች ለሳሎን ወለል እንጂ ለጎንደር ድንጋይ አልተሠሩም።

ስድስት ሰዎች ነበሩ። ግማሹ ይገፋል፣ ግማሹ ይጎትታል፣ ሁሉም ያዛል። አንድ ክንድ ሳይሄዱ መጣላት ጀመሩ። በዚህ መሀል ጥግ ላይ ዝም ብሎ የቆመ ሰባተኛ ሰው «ተዉት እስቲ» አለ። ከጃናሞራ የመጣ ጎልማሳ ነው፤ ወጣቶቹ «አያ» ነው የሚሉት። ሁለት ረጃጅም የባሕር ዛፍ ግንድና ገመድ አስመጣ። ፒያኖውን ከሥር አሳስሮ እንደ ወሳንሳ አደረገው።

ወሳንሳን የደጋ ሰው ያውቀዋል። በሰሜን ተራሮች መኪና በማይደርስበት ቀበሌ ሰው ሲታመም፣ ሴት ምጥ ሲጠናባት፣ እንጨት ተጋድሞ በገመድ ይታሰርና በሽተኛው ተኝቶበት በሰው ትከሻ መንገድ እስካለበት ይወሰዳል። ሰዓታት ይሄዳሉ። አራት ይሸከማሉ፤ ሌሎች ባዶ እጃቸውን ከጎን ከጎን ይሄዳሉ። «ተካ!» ሲባል የቆመው ይገባል፣ የደከመው ይወጣል፤ በሽተኛው ግን መሬት አይነካም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ተረት ትርጉሙ የገባኝ ያን ቀን ነው። ከባድ ነገር የሚሄደው በጉልበት ብቻ አይደለም፤ በተራም ነው።

ታዲያ ብርድ ልብስ የለበሰ ነገር በወሳንሳ ሆኖ በቅያሱ ሲወርድ ሰፈሩ ምን ያስባል? አንዲት እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ብቅ አሉና «ማነው እሱ? መቼ ሞተ?» አሉ። ሌሎችም ተከተሉ። አክስቴ ከሰገነቷ ላይ ሆና «ኧረ ሙዚቃ ነው! የልጄ ሙዚቃ ነው!» ብላ ባትጮህ ለቅሶው ሊጀመር ነበር።

ሰውየው ከጎኔ እየሄደ እንዲህ አለኝ፤ «ሰው ስንሸከም እያቃሰተ ነው የምንሄድ። ሲያቃስት አለ ማለት ነው፣ ልብ ይሰጥሃል። ይሄ ዝም አለ። ዝም ያለ ሸክም ይከብዳል።» ማንን ተሸክሞ እንደሚያውቅ አልጠየቅኩትም። ልጠይቀው ይገባ ነበር።

ደረጃው ሥር ደረስን። አሥራ አንድ እርከን ቀጥ ብሎ ይወጣል። ከዚያ ጠባብ ማረፊያ አለ፣ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ ሰባት እርከን ደግሞ ወደ ላይ። በሩ 85 ሳንቲ ሜትር ነው፣ እውነት ነው። ማረፊያው ግን 90 ነው፤ እቃው 150። አሥራ አንዱን እርከን ወጡ። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ወደ ቀኝ ሲሉት ግድግዳ፣ ወደ ግራ ሲሉት የደረጃው ድጋፍ። አቁመው ሊያዞሩት ሞከሩ፤ ጣሪያው ላይ ያለው ወራጅ እንጨት ከለከለ። ወደፊት አይሄድ፣ ወደኋላ አይመለስ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ እዚያው። ከላይ አክስቴና ልጅቷ፣ ከታች እኛ፣ መሀል ላይ ፒያኖው። ላይ ያለው ውኃ ለመጠጣት መውረድ አልቻለም፤ ታች ያለው ለመውጣት አልቻለም።

እንመልሰው ሲባል ነው ገመዱ የሾለከው። ፒያኖው አንድ እርከን ወርዶ ጓ! ሲል ክሮቹ በሙሉ አንድ ላይ ጮኹ፤ ጩኸቱም ቶሎ አልቆመም፣ ቤቱን ሁሉ ሞላው። የጃናሞራው ሰው ከሥር በግራ እጁ ደግፎት ነበር። «እየው፣ አቃሰተ» አለ። ከዚያ ሌላ ቃል አልወጣውም። ጣቶቹ እርከኑና ብረቱ መሀል ነበሩ።

ሁለቱ ጣቶቹ ተሰበሩ። ሐኪም ቤት ወሰድኩት፣ ከፈልኩ፣ ለሁለት ወር ያህል የሚሆነውንም ሰጠሁት። ይሄን የምጽፈው ለምስጋና አይደለም። በሜትር ለመለካት አምስት ደቂቃ የሰነፍኩት እኔ ነኝ፤ ጣቱን የሰጠው እሱ ነው። ለብዙ ዓመት ስለዚያ ቀን ስናወራ የምንስቅበት «መቼ ሞተ?» ያሉትን እናት ነበር። ጣቶቹን ማንም አያነሳም ነበር፤ እኔም ጭምር።

መስኮቱን ማስፋት እንችላለን ያለ ሰው ነበር። ከሰገነቱ በኩል በገመድ ማውጣት። ቤቱ ግን የመንግሥት ነው፤ ድንጋይ ለመንቀል ፈቃድ ያስፈልጋል። ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ። «ለምን ምክንያት?» አሉኝ። «ለፒያኖ» አልኩ። ጸሐፊዋ ቀና ብላ አየችኝና ጓደኛዋን ጠርታ «ደግሞ ይሄን ስሚ» አለቻት። ከሦስት ቀን መመላለስ በኋላ ተስፋ ቆረጥኩ።

ፒያኖው እስከዚያው የት አደረ? እዚህ ላይ ነው ሌላዋ ሴት የምትገባው። ከአክስቴ ሥር፣ ድሮ ሱቅ በነበረች አንድ ክፍል፣ ጠላ እየሸጠች አራት ልጆች የምታሳድግ ሴት ትኖራለች። ክፍሏ ባለ ሁለት መዝጊያ ሰፊ በር ነበራት። «ለዛሬ እኔ ጋ ይደር፣ ምን ችግር አለው» አለች። አልጋዋን ወደ ጥግ ገፋች፣ የጠላ ጋኖቿን አንዱን ባንዱ ላይ ሊሆን ምንም አልቀረው፣ ፒያኖው ገባ። ከጠቅላላ ቤቷ ሩቡን ያዘ። «ለዛሬ» ያለችው አምስት ዓመት ሆነ።

እንግዲህ ስለ መሣሪያዎች ሳስብ አንድ ነገር ይገርመኛል። የኛ ሙዚቃ ይዞራል። አዝማሪው መሰንቆውን በብብቱ ይዞ ከሠርግ ሠርግ ይሄዳል፤ ያውም በአንድ የፈረስ ጭራ ክር። እረኛው ዋሽንቱን በእጁ ይዞ ከብቱን ይከተላል። ከበሮው አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ትልቁ በገና እንኳ ከአሥር አውታሩ ጋር በአንድ ሰው ይያዛል፤ የሟቹ የአክስቴ ባል በገና እስከዛሬ ከግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ፒያኖ ግን ይቀመጣል። ቤት ይፈልጋል፣ ወለል ይፈልጋል፣ የማይነቃነቅ ሰው ይፈልጋል። ስደት በበዛበት ቤት የማይነቃነቅ ዕቃ ማስገባት ራሱን የቻለ ድፍረት ነው።

ከባድ ነገር ወደዚህ ተራራ ማምጣት ግን አዲስ አይደለም። ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. በ1520 በምጽዋ ገብተው ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ሲሄዱ ይዘዋቸው ከመጡት ስጦታዎች አንዱ ኦርጋን ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን፣ 70 ኩንታል ግድም የሚመዝነውን መድፍ፣ በ1860 ዓ.ም ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎተቱት መንገዱን ፊት ፊቱ እየጠረጉ ነው፤ ንጉሡ ራሳቸው ጠረጋው ላይ ይሠሩ ነበር። ወራት ፈጀ። መቅደላ ሲደርስም የታሰበለትን ሥራ አልሠራም። ሸክም እንዲህ ነው፤ ሲደርስ የሚሆነው ስንነሳ ያሰብነው አይደለም።

የኛም እንደዚያው ሆነ። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጠላ ቤቷ ገብታ ትለማመዳለች። ጠጪዎቹ መጀመሪያ አጉረመረሙ፣ ከዚያ ለመዱ፣ ከዚያ ደግሞ ስትቀር «ዛሬ የት ሄደች?» ማለት ጀመሩ። የሴትዮዋ ሦስተኛ ልጅ፣ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነው፣ ከጎን ቆሞ ያያል። ማታ ሁሉም ሲሄድ በደብዛዛ አምፖል ያየውን ይደግማል። ማንም አላስተማረውም።

ከአዲስ አበባ ቃኚ አስመጥተን ነበር። ሰውየው ከፍቶ አየውና «ቁልፎቹንና መዶሻዎቹን አውጥታችሁ ቢሆን ትንሽ ይቀላችሁ ነበር፤ ብረቱ ግን አይታጠፍም፣ በዚያ ደረጃ በየትኛውም መንገድ አይወጣም ነበር» አለኝ። መከረንም። ከተጓዘ ፒያኖ ጋር አትቸኩሉ፣ አየሩን እስኪለምድ ሳምንታት ጠብቁት፤ ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳ አርቁት፤ በበጋ ሲደርቅ እንጨቱ ይሰነጠቃልና በታችኛው ሆዱ ውስጥ አንድ ጣሳ ውኃ አኑሩለት። ጠላ ቤቷ በዚህ አልተቸገረችም። እርጥበት ሞልቷል!

አሁን ወደ ቃሌ ልመለስ፤ ፒያኖና ጎንደርን ምን አገናኛቸው?

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። በታኅሣሥ 1916 ዓ.ም አዲስ አበባ ተወለዱ፤ የዓለም ስማቸው የውብዳር። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ የጎንደር ከንቲባ የነበሩ ናቸው። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተምረው፣ በጣሊያን ወረራ ከቤተሰባቸው ጋር ታስረው ኢጣሊያ ተወስደው፣ ከዚያም ካይሮ ቫዮሊንና ፒያኖ ተምረው፣ በወጣትነታቸው መነኮሱ። ግሸን ማርያም ላይ፣ በዚያ አምባ፣ 10 ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ኖሩ። እዚያ ፒያኖ አልነበረም። ያን ሁሉ የተማረ እጅ ዝም ብሎ ተቀመጠ።

በኋላ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሊማሩ ጎንደር መጡ። እዚህ ያዩት ነገር ነው ልባቸውን የነካው። የቆሎ ተማሪዎች ቀን ምግብ እየለመኑ፣ ሌሊት ደጅ እያደሩ ይማራሉ። የምሰጣቸው ገንዘብ የለኝም፣ ሙዚቃዬ ግን ይርዳቸው አሉ። የመጀመሪያው ሸክላቸው እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን ውስጥ ታተመ። ኢየሩሳሌም ደብረ ገነት ገዳም ገብተው ከኖሩባት ጠባብ ክፍል ውስጥ አልጋ፣ ሥዕለ አድኅኖና አንድ ባለ ቁም ፒያኖ ነበር። ዓለም የሰማቸው እ.ኤ.አ. በ2006 የኢትዮፒክስ 21ኛ ቅጽ ሲወጣ ነው። በመጋቢት 2015 ዓ.ም በ99 ዓመታቸው አረፉ።

ይሄን ታሪክ በዝርዝር ያወቅኩት ፒያኖው ጠላ ቤት ከገባ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ባውቀው ኖሮ በ2006 ዓ.ም የተፈጠረው ነገር ያን ያህል ግራ ባላጋባኝ ነበር።

ምን ተፈጠረ? በ2005 ዓ.ም የእናትየው ወረቀት አለቀና ልጅቷ በአሥራ ሰባት ዓመቷ ወደ አሜሪካ ሄደች። ፒያኖው ቀረ። በዓመቱ የአክስቴ ልጅ ደወለች። «ኮሌጅ ልትገባ ነው፣ ክፍያው ከብዶኛል። እባክህ ፒያኖውን ሽጠው።» መብቷ ነው፤ በላቧ የገዛችው ነው። አዲስ አበባ ገዢ አገኘሁ፣ 35 ሺህ ብር፤ ቀብድ ተቀብዬ ጎንደር ሄድኩ።

ስገባ ሴትዮዋ ቤቷን አዘጋጅታ ጠበቀችኝ። ፒያኖው ላይ የምታኖረውን መሶብ አንስታለች፣ ልብሱን ገፋለች፣ አቧራውን ወልውላለች። ያንኑ ሰፊ በር ሁለቱንም መዝጊያ ከፍታዋለች። «ውሰዱት እንግዲህ፣ የናንተ ነው። ስላሳደራችሁብኝ ደስ ብሎኛል» አለች። አምስት ዓመት ሙሉ ሩብ ቤቷን የያዘባት እኛ ነን፤ አመሰገነችኝ!

«ልጁስ?» አልኳት።

«ወጣ። ሲወጣ አላይም አለ።»

ወደ ላይ ወጥቼ ለአክስቴ ነገርኳት። አክስቴ መቁጠሪያዋን ስታገላብጥ ቆየችና «ልጄ ስንቱን ዕቃ ላከች። አንዱ ብቻ ነው ሰው ቤት የገባው» አለች። ሌላ አልጨመረችም።

አሜሪካ ደወልኩ። የአክስቴ ልጅ ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ልጅቷ ስልኩን ተቀበለች። «ጋሼ፣ ለገዢው ደረጃው እምቢ አለ በለው» አለችኝ።

«ፒያኖው እኮ ምድር ቤት ነው።»

«እሱ ምን ያውቃል?»

ሳቅን። እናቷ ግን አልሳቀችም። ስልኩን መልሳ ወሰደችና «እናንተ ደግ ሁኑ፣ እኔ ልክፈል» አለችኝ። እውነቷን ነው። በሰው ገንዘብ ደግ መሆን ቀላል ነው። ቀብዱን መለስኩ፤ ከኪሴም ለኮሌጁ የቻልኩትን ላክሁ፤ ከ35 ሺህ ግን በጣም ያንሳል። እሷ ሌላ የማታ ሥራ ጨመረች። ለስምንት ወር አላናገረችኝም። ትክክል ሠርቼ እንደሆነ ዛሬም እርግጠኛ ሆኜ አልናገርም።

የጃናሞራውን ሰው በዚያው ጉዞ አራዳ ገበያ አገኘሁት። ጣቶቹ ተጣመው ገጥመዋል። ሰላም አለኝና መጀመሪያ የጠየቀኝ ነገር «ያ ዕቃ ዳነ?» የሚል ነበር። ሄደን ልጁ ሲጫወት አብረን ሰማን። ጥግ ላይ እንደዚያን ቀን ዝም ብሎ ቆመ። ሲወጣ «አሁን ደህና ያቃስታል» አለኝ።

ልጁ ዛሬ የሒሳብ መምህር ነው። ሙዚቀኛ አልሆነም፤ ታሪኬን ለማሳመር ስል ሙዚቀኛ አላደርገውም። እናቱ ጠላውን ትታለች፣ ፒያኖው እዚያው ነው። ከቃና መውጣቱን በስልክ ነገረኝ፤ መሀሉ ላይ ያለች አንዲት ቁልፍ ድምፅ አትሰጥም። «በሷ ፈንታ ቀጥሎ ያለችውን ነው የምመታው፣ ለመድኩት» ይላል።

ወገኖቼ፣ ከባድ ዕቃ ወደ ቤታችሁ የምታስገቡ ከሆነ አንድ ምክር አለኝ። በሩን ብቻ አትለኩ። ማንም ሰው በር ላይ አይቀረቀርም። ቅያሱን፣ እርከኑን፣ የጣሪያውን ወራጅ፣ በተለይ መታጠፊያውን ለኩ። ከሥር የሚደግፈውንም ሰው እጅ አስቡ። ይሄን ሁሉ ለክታችሁም መታጠፊያው ላይ ከቀረ፣ ከታች የሚኖረው ማን እንደሆነ ጠይቁ።